ከሩቅ የተጣለው ዳይስ፦ በመልእክት የሚካሄድ ጨዋታና የመተማመን ሒሳብ

ስድስት ሰዎች በአምስት ከተሞች ተቀምጠው በአንድ ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ለመሻገር አራት ሳምንት ፈጀባቸው። ድልድዩ በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም። ገደሉን፣ ከገደሉ ሥር የሚያገሣውን ወንዝ፣ ከማዶ ያደፈጡትን ሽፍቶች ሁሉ የፈጠርናቸው እኛው ነን። ታሪኩም ከዝቅተኛው በረሃ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ስለሚወጣ አንድ የሲራራ ነጋዴዎች ጉዞ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል አሞሌ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስንት አሞሌ በአንድ በቅሎ እንደሚጫን ሲከራከሩ መስማት ያስደስት ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በአገራችን ብዙም ስላልተለመደ ምንነቱን በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዱ ደብተራ ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው አንድ ሰው የጨዋታው መሪ ይሆናል። መሪው ገጸ ባሕርያቱ ያሉበትን ሁኔታ በጽሑፍ ይገልጻል፤ «መሽቷል፣ ድልድዩ ይወዛወዛል፣ ከማዶ ጭስ ይታያል» ይላል። ተጫዋቾቹ ደግሞ በየፊናቸው ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግ ጽፈው ይልካሉ። የሚሞከረው ነገር ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ከሆነ ዳይስ ይጣላል፤ መሪውም ውጤቱን ተመልክቶ ቀጣዩን ክፍል ይጽፋል። ሰሌዳም፣ ጠጠርም፣ በአንድ ክፍል መሰብሰብም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መጻፍና መጠበቅ ነው።

ነገሩን ፈጽሞ ባዕድ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ይመስለናል። በአገራችን ልጆች «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ፣ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገሩ ሲሰጥም ጠያቂው ወደተሰጠው አገር ሄዶ ምን እንደ በላና ምን እንደ ጠጣ፣ ማን እንደ ተቀበለው ከአፉ እየፈጠረ ያወራል። በዚያች ቅጽበት ልጁ ገጸ ባሕርይ ይዟል፤ ካርታም ተሰጥቶታል። የጎደለው ዳይሱ ብቻ ነው።

ከጦር ሠፈር እስከ ፖስታ ሣጥን

የዚህ ጨዋታ ሥር የሚገኘው በፕሩሲያ የጦር መኮንኖች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፎን ራይስቪትስ የተባለ ወጣት መኮንን አባቱ የጀመረውን የጦር ልምምድ ጨዋታ አሻሽሎ አቀረበ። ክሪግሽፒል በተባለው በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛው በካርታ ላይ ያንቀሳቅስላቸዋል፤ የተኩሱን ጉዳት በዳይስ ይወስናል፤ ለእያንዳንዱ ወገን የሚነግረውም ያ ወገን በዓይኑ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመልእክት ጨዋታ የሚመራ ሰው የሚሠራው ሥራ ያን ጊዜ ከሞላ ጎደል ተፈጥሮ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው በ1824 ዓመት የለንደንና የኤድንብራ የቼዝ ክበቦች በደብዳቤ ግጥሚያ ጀመሩ። ግጥሚያው እስከ 1828 ቆይቶ በኤድንብራ አሸናፊነት ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት ልናልፈው እንችላለን። አሜሪካዊው አለን ካልሃመር እ.ኤ.አ. በ1959 ዲፕሎማሲ የተባለውን ጨዋታ በራሱ ወጪ አሳተመ። በዚህ ጨዋታ ሰባት የአውሮፓ መንግሥታት ይደራደራሉ፣ ይከዳዳሉ፤ ሁሉም ትእዛዙን በወረቀት ይጽፍና በአንድ ጊዜ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆን ቦርድማን ይህን ጨዋታ በፖስታ ማካሄድ ጀመረ፤ የየዙሩን ውጤትም ግራውስታርክ በተባለች ትንሽ መጽሔት ያወጣ ነበር። ቦርድማን በሙያው የፊዚክስ መምህር መሆኑን ስናስታውስ ትንሽ ኩራት እንደሚሰማን አንደብቅም። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ በ1000 ቅጂ አሳተሙ፤ አንድ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወትበት ሥርዓት በዓለም የተሰራጨው በዚህ ምክንያት ነው። ጨዋታው ከጠረጴዛ ወደ ፖስታ፣ ከፖስታ ወደ ኢሜይልና ወደ ስልክ መልእክት ተሸጋገረ።

በዲፕሎማሲና በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መካከል ያለው አንድ ልዩነት ለጽሑፋችን ቁልፍ ነው። በዲፕሎማሲ ዳይስ የለም። ደብዳቤዎቹን የሚከፍተው ዳኛ ታማኝ ከሆነ ሌላ የሚያጠራጥር ነገር የለም። በሁለተኛው ግን ዳይስ አለ። ዳይሱንም የሚጥለው ሰው በሌላ ከተማ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ነው።

ዝምታ እንደ ኒውክሊየስ

ወደ ዳይሱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጊዜ ጥቂት እንበል፤ በመልእክት የሚካሄዱ ጨዋታዎች ከማታለል ይልቅ በመዘግየት ይሞታሉና።

አምስት ተጫዋቾች አሉ እንበል። እያንዳንዱ መልስ ለመስጠት በአማካይ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ይመልሳል፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይቆያል። መሪው «በተራ ትጽፋላችሁ፤ ሁለተኛው የሚጽፈው አንደኛው ከጻፈ በኋላ ነው» ብሎ ቢደነግግ አንድ ዙር በአማካይ 5 ቀን ይወስዳል። «እንደ ተመቻችሁ ጻፉ፤ አምስታችሁም ስትጨርሱ እቀጥላለሁ» ቢል ግን ምን ይሆናል? ብዙ ሰዎች አንድ ቀን ይላሉ፤ ነገር ግን የሚጠበቀው የመጨረሻው ሰው ስለሆነ ከዚያ ይረዝማል።

ይህን የሚመስል ጥያቄ በኒውክሌር ፊዚክስ እናውቀዋለን። አማካይ ዕድሜያቸው አንድ ቀን የሆነ አምስት ሬዲዮአክቲቭ ኒውክሊየሶች ቢኖሩን የመጨረሻው እስኪፈርስ ስንት ቀን እንጠብቃለን? አምስቱም ባሉ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ እስኪፈርስ በአማካይ የቀኑ አንድ አምስተኛ ይበቃል። አራት ሲቀሩ አንድ አራተኛ፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ ግማሽ፣ በመጨረሻም ብቻውን የቀረው ሙሉ አንድ ቀን ያስጠብቀናል። ሲደመር 2.28 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ስድስት ዙር የሚፈጅ ውጊያ በተራ ሲጻፍ አንድ ወር፣ እንደ ተመቻቸ ሲጻፍ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። የተጫዋቾቹ ቁጥር ወደ 10 ከፍ ቢል የመጀመሪያው 10 ቀን ሲሆን ሁለተኛው 2.93 ቀን ብቻ ነው። በድልድያችን ላይ አራት ሳምንት የቆየነው በተራ ጻፉ ብለን ስለ ደነገግን ነበር፤ ይህን ስሌት የሠራነው ከድልድዩ በኋላ ነው።

ተራ የመጠበቅ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታ መክፈቻው ወረራ እንደሚባል አንባቢ ያውቅ ይሆናል። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እንደ ፈለጉ በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ የራሱን አሰላለፍ ይለዋውጣል። ለንደንና ኤድንብራ ይህን በደብዳቤ ሊጫወቱት ባልቻሉም ነበር።

ልምድ ያላቸው መሪዎች ለዙሩ የጊዜ ገደብ ያደርጋሉ፤ ለምሳሌ ሁለት ቀን አልፎ መልስ ያልሰጠን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ መሪው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። በላይኛው ግምት መሠረት አንድ ሰው ከሁለት ቀን በላይ የመዘግየት ዕድሉ 13.5 በመቶ ነው፤ አምስቱም በጊዜው የመመለሳቸው ዕድል 48 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ መሪው ከሁለት ዙር በአንዱ የሰው ገጸ ባሕርይ በእጁ ይወድቃል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚገባው ነገር ገጸ ባሕርዩን በጥንቃቄ መያዝ ነው፤ ድልድይ ላይ ያለውን ሰው ወደኋላ አንድ እርምጃ ማስኬድ እንጂ ወደ ሽፍቶቹ መካከል መወርወር አይገባም።

ይህ ሁሉ ስሌት አንድ ጉድለት እንዳለበት ግን አንሸሽግም። ኒውክሊየስ አያረጅም፤ ትናንት ሳይፈርስ ያደረ ኒውክሊየስ ዛሬ የመፍረስ ዕድሉ እንደ ትናንቱ ነው። የሰው ዝምታ ግን ያረጃል። ሦስት ቀን ዝም ያለ ሰው በአራተኛው ቀን የመጻፍ ዕድሉ ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ ነው፤ ባለመጻፉ ማፈር ይጀምራልና። መሪ የሆነ ሰው በሦስተኛው ቀን ሁለት መስመር «እንደምን ነህ» ቢጽፍ ከማንኛውም ሕግ የበለጠ ይጠቅመዋል።

20 ፊት ያለው ዳይስ

በሉዶ የምናውቀው ዳይስ ስድስት ፊት አለው። በእነዚህ ጨዋታዎች ግን 4፣ 8፣ 12 እና 20 ፊት ያላቸውም ያገለግላሉ። ፊቶቻቸው ሁሉ እኩልና አንድ ዓይነት፣ ማዕዘኖቻቸውም እንዲሁ የሆኑ ድፍን ቅርጾች አምስት ብቻ መሆናቸው ኤውክሊድስ በጻፈው ኤለመንትስ በተባለ መጽሐፍ በ13ኛው ክፍል ተረጋግጧል፤ ከሉዶው ኩብ ጋር አምስቱም በተጫዋቾች ኪስ ይገኛሉ። ባለ 20ው ፊት በተጣለ ቁጥር ከ1 እስከ 20 ያሉት ሁሉ እኩል 5 በመቶ ዕድል አላቸው።

ሦስት ባለ ስድስት ፊት ዳይሶች ሲጣሉና ሲደመሩ ግን ዕድሉ እኩል አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋሊሌዮ ይህን እንዲያስረዳ ተጠይቆ ነበር። ቁማርተኞች ከረጅም ልምድ የተነሣ ድምሩ 10 የሚሆንበት ጊዜ ከ9 በጥቂቱ እንደሚበልጥ አስተውለው ነበር፤ 9ም 10ም ግን እያንዳንዳቸው በስድስት ዓይነት ሦስት ቁጥሮች ስለሚገኙ ነገሩ ግራ አጋባቸው። ጋሊሌዮ ያሳየው ዳይሶቹን ለይተን ብንቆጥር 1፣ 2 እና 6 በስድስት መንገድ ሊወጡ ሲችሉ 3፣ 3 እና 3 በአንድ መንገድ ብቻ እንደሚወጡ ነው። ከ216ቱ መንገዶች 9 የሚሰጡት 25፣ 10 የሚሰጡት 27 ናቸው። ልዩነቱ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። በመዝገብ ሳይሆን በልምድ ብቻ ይህን ያዩ ሰዎች ምን ያህል ሌሊት እንደ ተጫወቱ አስቡት።

ከ8000 አንድ

ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርንባቸው ዓመታት የመራነው ያ የአሞሌ ጨዋታ ለአንድ ዓመት ተኩል ቆየ። እያንዳንዱ ተጫዋች ዳይሱን በቤቱ ይጥልና ውጤቱን ይጽፋል። ያጣራው ሰው አልነበረም። ድልድዩን ካለፍን ከጥቂት ወራት በኋላ ሲራራው ሌላ ገደል ላይ ደረሰ፤ ሽፍቶች ከኋላ ይከተላሉ። ደብተራውን የያዘው ተጫዋች በአንድ ምሽት ሦስት ነገር ሞከረ። ገደሉን ዘለለ፤ ከወዲህ የቀሩትን በቅሎዎች በገመድ ሳበ፤ የሽፍቶቹን አለቃ በድግምቱ አስፈራራ። በሦስቱም 20 ወጣልኝ ብሎ ጻፈ።

በማግሥቱ ከሌሎቹ ተጫዋቾች ሁለቱ ለብቻችን ጻፉልን። እኛም ስሌቱን ሠራን፤ አንድ ሃያኛ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከ8000 አንድ ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢገጥመን «በአጋጣሚ አይደለም» ብለን ወረቀት ለመጻፍ እንነሣ ነበር። ስለዚህ ለደብተራው ባለቤት ጨዋ የሚመስል ደብዳቤ ጻፍንለት፤ ቁጥሩን ጠቅሰን፣ ከእንግዲህ ዳይሱን ለእርሱ እኛ ብንጥልለት እንደሚሻል ገለጽን። መልስ አልሰጠም። ደብተራው ከገደሉ ማዶ ገመዱን ይዞ እንደ ቆመ ቀረ። ከእርሱ ጋር ሌላ አንድ ሰው ጨዋታውን ተወ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ዝም አለ።

የተሳሳትነው የት ላይ ነው? ብዜቱ ትክክል ነው። የተሳሳትነው ጥያቄው ላይ ነው። «ይህ ሰው፣ በዚህ ምሽት፣ በእነዚህ ሦስት ዳይሶች ሦስት 20 የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅን። ያን ምሽት የመረጥነው ግን ውጤቱን ካየን በኋላ ነው። መጠየቅ የነበረብን «በዓመት ተኩል ጨዋታ፣ ከስድስታችን በአንዳችን ላይ፣ ሦስት 20 ተከታትሎ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» ብለን ነበር። እያንዳንዳችን ወደ 250 ጊዜ ጥለናል። ተከታታይነቱ ሊጀምር የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ስንቆጥር ውጤቱ ወደ 16 በመቶ ይደርሳል። ይህም ከስድስት አንድ ያህል ነው። ማለት፣ ጨዋታ ያፈረስንበት ተአምር በሉዶ ዳይስ በመጀመሪያው ጥለት ስድስት ከማግኘት የበለጠ የሚያስደንቅ አልነበረም። ሦስት ጊዜ 1 ቢወጣ፣ ወይም 19፣ 20፣ 19 ቢወጣ ኖሮም ሳንጠረጥር አንቀርም ነበር፤ እነዚህን ብንጨምር ዕድሉ ገና ከፍ ይላል።

ይህ ስሌት ተጫዋቹ እውነት መናገሩን አያረጋግጥም። ማታለል የሚፈልግ ሰው ሦስት 20 ከሚጽፍ 17፣ 15 እና 18 ብሎ እንደሚጽፍ ብናስብም ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሆነው ሆኖ በተዘጋ ክፍል የተጣለን ዳይስ ቁጥር ብቻ መርምሮ እውነትን ከሐሰት መለየት አይቻልም። እኛ ግን የሚቻል መስሎን ነበር፤ ቁጥር ስላወቅን።

በስልክ የሚጣል ሳንቲም

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከደብተራችን በፊት ተገኝቶ ነበር፤ እኛ ባናውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ማኑኤል ብሉም የተባለ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪ ሁለት የማይተማመኑ ሰዎች በስልክ ሳንቲም እንዴት ሊጥሉ እንደሚችሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። የሐሳቡን ፍሬ በትንንሽ ቁጥሮች እንየው፤ እስክሪብቶ የያዘ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊከተለው ይችላል።

አልማዝና በላይ በሁለት ከተማ አሉ እንበል። አልማዝ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን፣ 7ንና 11ን፣ በምስጢር ትመርጥና ብዜታቸውን 77ን ለበላይ ትነግረዋለች። በላይ በምስጢር 9ን ይመርጣል፤ 9 በራሱ ሲባዛ 81፣ ለ77 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው። በላይ 4ን ብቻ ይነግራታል። አልማዝ 7ንና 11ን ስለምታውቅ፣ በራሳቸው ሲባዙና ለ77 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 4 የሚሆኑትን ቁጥሮች ማግኘት ትችላለች፤ እነርሱም 2፣ 9፣ 68 እና 75 ናቸው። የትኛው የበላይ እንደ ሆነ ግን በምንም መንገድ አታውቅም። አንዱን መርጣ ትልካለች። 9ን ወይም 68ን ከላከች በላይ አዲስ ነገር አያገኝም፤ 9 የራሱ ነው፣ 68ም 77 ሲቀነስ 9 ነው። 2ን ከላከች ግን በላይ 2ን ከ9 ይቀንስና 7 ያገኛል፤ የ7 እና የ77 ትልቁ የጋራ አካፋይ 7 ነውና የአልማዝን ምስጢር አወቀ። 75ን ብትልክም ከ75 ላይ 9 ሲቀነስ 66 ሆኖ፣ ከ77 ጋር ያለው ትልቁ የጋራ አካፋይ 11 ይወጣል። ምስጢሩን መናገር ከቻለ በላይ አሸነፈ፤ ካልቻለ አልማዝ አሸነፈች። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በላይ ሳያሸንፍ አሸነፍሁ ሊል አይችልም፤ 77ን መከፋፈል ይጠበቅበታልና። በርግጥ 77ን ማንም ይከፋፍለዋል። በመቶዎች የሚቆጠር አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ግን የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች በተግባራዊ ጊዜ ውስጥ አይችሉትም።

ለባለ 20 ፊት ዳይስ ከዚህ ቀለል ያለ መንገድ በተግባር እንጠቀማለን። ተጫዋቹ ከ1 እስከ 20 አንድ ቁጥር በልቡ ይይዛል፤ መሪውም እንዲሁ። ሁለቱ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከ20 ከበለጠ 20 ይቀነስለታል። ተጫዋቹ 13፣ መሪው 11 ቢሉ ድምሩ 24 ነውና ዳይሱ 4 ሆነ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቁጥሩን በእውነት በዘፈቀደ ከመረጠ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የዘፈቀደ ይሆናል፤ ሌላው የፈለገውን ተንኰል ቢያስብ። ችግሩ ማን አስቀድሞ ይናገር የሚለው ነው፤ ኋላ የሚናገረው የሚመቸውን ይመርጣልና። ስለዚህ ተጫዋቹ ቁጥሩን በታሸገ ፖስታ ያስቀምጣል። ፖስታው ሃሽ የሚባል የሒሳብ ሥርዓት ነው። ሻ-256 የተባለው ሃሽ ማንኛውንም ጽሑፍ ተቀብሎ 64 ምልክት ያለው ጽሑፍ ያወጣል፤ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ዋናው ጽሑፍ መመለስ፣ ወይም ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ሌላ ጽሑፍ ማግኘት የቻለ ሰው እስካሁን አልታየም። ተጫዋቹ 64ቱን ምልክቶች ይልካል፤ መሪው 11 ይላል፤ ተጫዋቹ 13 ብሎ ይገልጣል፤ መሪው 13ን በዚያው ሃሽ አሳልፎ ያመሳክራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚስቱት ነገር አለ። «13» ብቻ ተጽፎ ከታሸገ ምስጢር አይደለም። መሪው ከ1 እስከ 20 ያሉትን ሁሉ አሽጎ ቢያይ በሃያ ሙከራ ይደርስበታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ማንም ሊገምተው የማይችል ረጅም የዘፈቀደ ጽሑፍ አብሮ መታሸግ፣ በኋላም አብሮ መገለጥ አለበት።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ተጫዋቹ የመሪውን 11 ከሰማ በኋላ ውጤቱ 4 መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል። ካልወደደው «ኔትወርክ ተቋረጠብኝ» ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ሪቻርድ ክሊቭ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳረጋገጠው፣ ሁለት ሰዎች መልእክት እየተለዋወጡ ሳንቲም ሲጥሉ፣ መሐል ላይ የሚያቋርጥ ሰው የሚያገኘውን ጥቅም ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። በሒሳብ ያልተደፈነው በደንብ ይደፈናል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ፖስታውን ያልከፈተ 1 እንደ ወጣበት ይቆጠራል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ደንብ አንዳንዴ ጨካኝ መሆኑን እናውቃለን።

የፊዚክስ ሰዎች ይህን ጉዳይ ለሒሳብ ሊቃውንት ብቻ አልተዉትም። የኳንተም ሕግጋት ፈጽሞ የማይከፈት ፖስታ ይሰጡናል የሚል ተስፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሜየርስ በአንድ በኩል፣ ሎና ቻው በሌላ በኩል ይህ እንደማይሆን አረጋገጡ። በ1999 ግን ኤድሪያን ኬንት ሌላ በር ከፈተ። ማንኛውም ምልክት ከብርሃን ፈጥኖ ሊሄድ ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ወገን በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ወኪል ቢያስቀምጥ አንዱ ወኪል ሌላው የተናገረውን ሰምቶ ቃሉን ለመለወጥ ጊዜ አይኖረውም። እንግዲህ መተማመኛው የአንስታይን ሬላቲቪቲ ሆነ ማለት ነው። ለደብተራ ዝላይ ይህን ያህል መድከም ያስቃል፤ ነገር ግን ያው ጥያቄ በባንክና በምርጫ ሥርዓቶችም ውስጥ አለ።

በስልክ ለሚጫወቱ ሁሉ ሃሽ ግዴታ አይደለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2020 የዳይስ ምልክት ጨምሯል፤ ውጤቱን የሚወስነው የላኪው ስልክ ሳይሆን የድርጅቱ ማእከላዊ ኮምፒዩተር ስለሆነ ለጓደኛሞች ጨዋታ ይበቃል። ባለ ስድስት ፊት መሆኑ እንቅፋት አይሁን። የመጀመሪያው ጥለት 6 ሲወጣ እንደገና ቢጣል ከ1 እስከ 5 እኩል ዕድል ይገኛል፤ ሁለተኛው 5 ወይም 6 ሲወጣ እንደገና ቢጣል ከ1 እስከ 4 ይገኛል፤ አምስት ጊዜ አራት ሃያ ነው። ስልክ የሌለውም በእውነተኛ ፖስታ፣ በማሸጊያው ላይ በመፈረም፣ ከአንዱ ዶርም ወደ ሌላው ሊጫወት ይችላል።

ስሌቱን በትክክል ከሠራን በኋላ ለደብተራው ባለቤት ይቅርታ ጽፈን፣ 16 በመቶ የሚለውን ውጤት አያይዘን ላክን። አድራሻው ተዘግቶ ኖሮ ደብዳቤው ተመለሰ። ዛሬ ከተማሪዎቻችን ጋር ያንኑ የአሞሌ አገር እንጫወትበታለን፤ ገጸ ባሕርያቱ አዲስ ናቸው፣ ዳይሱም በፖስታ ታሽጎ ይጣላል። ባለፈው ወር ሲራራው ወደዚያው ገደል ሲደርስ አንዲት ተማሪ ከማዶ ገመድ ይዞ የቆመው ሰውዬ ማን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ሰላምታ ስትሰጠውም እጁን አነሣላት። የእርሱን ገጸ ባሕርይ እስካሁን ለማንም አልሰጠንም።